የሰላይዋ ታማኝነት፦ ስለ «ለስት፣ ኮሽን» ፊልም የተደረገ ምልልስ

ተነጋጋሪዎቹ አንድ አንጋፋ የታሪክ መምህርና አንዲት የፊልም ሐያሲ ናቸው።

መምህሩ፦ «ለስት፣ ኮሽን» አንግ ሊ ያዘጋጀውና በ2007 ለእይታ የበቃ የፖለቲካ ትሪለር ፊልም ነው፤ እዚህ የሚነሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ታሪኩ የሚካሄደው ጃፓን ቻይናን በወረረችበት ዘመን፣ በሆንግ ኮንግና በሻንጋይ ነው። ዎንግ ቺያ ቺ የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ወይዘሮ ማክ የተባለች የነጋዴ ሚስት መስላ ለጃፓን ያደረ አንድ የጸጥታ ሹም ቤት ትገባለች። ሥራዋ አቶ ዪ የተባለውን ይህን ሹም አጥምዳ ለገዳዮች ማመቻቸት ነው። ብዙ ተለፍቶበት፣ ሰውየው ወጥመዱ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን በመጨረሻዋ ደቂቃ ታስመልጠዋለች። እሷና ጓደኞቿ በዚያው ሌሊት ይረሸናሉ።

ሐያሲዋ፦ ለምን አስመለጠችው ሲባል ከብዙ ሰው አፍ የሚወጣው መልስ «ወደደችው» የሚል ነው። ይህ መልስ ፊልሙን ያሳንሰዋል። አንግ ሊ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ የወሰደው አንዲት ሴት በጠላቷ ፍቅር መውደቋን ለመተረክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግማሹ በበቃው ነበር። ፊልሙ ደረጃ በደረጃ የሚያሳየው ሌላ ነገር ነው፤ ከዚህች ልጅ ታማኝነት የሚጠይቁት ሰዎች አንድም ቀን እንደ ሰው አይተዋት አያውቁም። ስሟን፣ ገላዋንና እንቅልፏን ወስደው ሲያበቁ፣ ልቧ ብቻ ከቦታው ሳይነቃነቅ እንዲቆይላቸው ይጠብቃሉ።

መምህሩ፦ እሱ ላይ ከመደረሱ በፊት ዘመኑን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ አቶ ዪ እንዲሁ ክፉ ሰው ሆኖ ይቀራል። ጃፓን ጦርነቱን የከፈተችው በሐምሌ 1937 ነው። ሻንጋይ ሦስት ወር ያህል ተዋግታ በኅዳር ወደቀች። ሆኖም እንግሊዞችና አሜሪካውያን የበላይ ሆነው የሚያስተዳድሩት ሰፈርና የፈረንሳዮቹ ሰፈር እስከ ታኅሣሥ 1941 ድረስ በጃፓን ጦር አልተያዙም። ዙሪያው በጃፓን ተከቦ መሐሉ በምዕራባውያን እጅ የቀረበት ያ አራት ዓመት ሻንጋይን የሰላዮችና የነፍሰ ገዳዮች መናኸሪያ አደረጋት። የቺያንግ ካይሼክ ፓርቲ የኩኦሚንታንግ ሰዎች፣ ኮሚኒስቶች፣ ጃፓኖች፣ ለጃፓን ያደሩ ቻይናውያን፣ ሁሉም በአንድ ከተማ ውስጥ ይታደኑ ነበር።

ከጃፓን ወገን ከቆሙት ቻይናውያን ዋነኛው ዋንግ ጂንግዌይ ነው። የዚህ ሰው ታሪክ ለፊልሙ ቁልፍ ነው። በ1910 የማንቹን ንጉሥ እንደራሴ በቦምብ ለመግደል ሲያሴር ተይዞ የዕድሜ ልክ እስራት የተፈረደበት ወጣት አብዮተኛ ነበር። ያው ሰው በ1938 መጨረሻ ከቺያንግ ካይሼክ መንግሥት ኮብልሎ፣ በመጋቢት 1940 ናንጂንግ ላይ በጃፓኖች ጥላ ሥር የራሱን መንግሥት አቆመ። ለሀገሩ ነፍሱን ሊሰጥ የተነሳው ወጣትና ለወራሪ ያደረው አዛውንት አንድ ሰው ናቸው። በዚያው ዘመን፣ ከ1936 እስከ 1941፣ በጣሊያን እጅ የነበረችው አዲስ አበባም ባንዳውንና የውስጥ አርበኛውን በአንድ ሰፈር ታኖር ስለነበር ነገሩ ለአማርኛ አንባቢ ሩቅ አይሆንም።

የዋንግ ጂንግዌይ የምስጢር ፖሊስ በሻንጋይ ምዕራብ፣ ጄስፊልድ መንገድ ቁጥር 76 ላይ ነበር። ሰው እየተጠለፈ እዚያ ይገባል፤ ይገረፋል፤ አብዛኛው አይመለስም። የከተማው ሕዝብ ቤቱን በቁጥሩ ብቻ ይጠራው ነበር። ከአለቆቹ አንዱ ዲንግ ሞትሱን ይባላል።

ሐያሲዋ፦ የፊልሙ አቶ ዪ የሚመስለው እሱን ነው።

መምህሩ፦ ሴቲቱም የምትመስላት አለች፤ ጄንግ ፒንግሩ ትባላለች። በ1918 የተወለደች፣ አባቷ ጃፓን ሀገር የተማረ ቻይናዊ ዐቃቤ ሕግ፣ እናቷ ጃፓናዊት ነበሩ። ጃፓንኛ እንደ እናት ቋንቋዋ ትናገራለች፤ መልኳም እጅግ ያማረ ስለነበር በሐምሌ 1937 «ሊያንግዩ» የተባለው የሻንጋይ ዝነኛ መጽሔት ሽፋኑ ላይ አውጥቷታል። ለኩኦሚንታንግ ስትሰልል ዲንግ ሞትሱንን እንድትቀርብ ታዘዘች፤ ቀረበችውም። በታኅሣሥ 1939 የጸጉር ካፖርት ግዛልኝ ብላ ወደ አንድ የሳይቤሪያ ጸጉር መሸጫ ወሰደችው። ገዳዮቹ ደጅ ላይ ቆመው ነበር። ዲንግ አኳኋናቸው አላምር ብሎት ከሱቁ ሮጦ ወጣና ጥይት የማይበሳው መኪናው ውስጥ ገባ፤ ተኩሱ መኪናው ላይ ቀረ። ጄንግ ተይዛ በየካቲት 1940 ተረሸነች። ሃያ ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላትም። ዲንግ ሞትሱን ከጦርነቱ በኋላ ተከሶ በ1947 በሞት ተቀጣ።

እንግዲህ ልዩነቱን ማስተዋል ነው። ጄንግ ፒንግሩ ጠላቷን አላስመለጠችም። እስከ መጨረሻው ጸንታ ሞታለች። ፊልሙ ሲወጣ አሜሪካ የምትኖር እህቷ በአደባባይ የተቃወመችውም ለዚህ ነው። ሰማዕት እህቷ በወሲብ የተሸነፈች ከሃዲ ተደርጋ ተሣለች ብላ አዘነች። ይህ ቅሬታ በኪነ ጥበብ ነጻነት ስም ብቻ የሚገፋ አይደለም። ሙታን መልስ መስጠት አይችሉም።

ሐያሲዋ፦ ቅሬታው እውነት አለው፤ ጋሼ ያሉት ልክ ነው። ግን ፊልሙ የተነሳው ከጄንግ ፋይል ሳይሆን ከአይሊን ቻንግ አጭር ልብወለድ ነው፤ በልብወለዱ ውስጥ ደግሞ ከጄንግ ይልቅ የደራሲዋ የራሷ ሕይወት ይበልጥ ይሰማል። አይሊን ቻንግ በ1920 ሻንጋይ ተወለደች። ሆንግ ኮንግ ዩኒቨርሲቲ ስትማር ከተማዋ በጃፓን እጅ ስትወድቅ ትምህርቷን አቋርጣ ወደ ሻንጋይ ተመለሰች፤ በዚያው በወረራው ዘመን በሃያዎቹ መጀመሪያ ዕድሜዋ ስመ ጥር ደራሲ ሆነች። በ1944 ሁ ላንቼንግን አገባች። ሁ ላንቼንግ በዋንግ ጂንግዌይ መንግሥት ውስጥ የፕሮፓጋንዳ ሹም የነበረ ሰው ነው። ሌሎች ሴቶች ያዘባት፤ ከጦርነቱ በኋላ እየተሸሸገ ሲኖርም ገንዘብ ትልክለት ነበር፤ በ1947 ተለያዩ።

ባንዳን አፍቅሮ መኖር ምን እንደሆነ ደራሲዋ ከራሷ ታውቃለች። ልብወለዱን የጀመረችው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ የታተመው ግን በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ሠላሳ ዓመት ሊሞላ እስኪቃረብ ድረስ ስታነሳና ስትጥል፣ ስትሰርዝና ስትደልዝ ኖራለች። ለአንድ አጭር ልብወለድ ይህን ያህል ዘመን የሚሰጥ ደራሲ ጥቂት ነው። በ1995 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ብቻዋን ስትሞት ፊልሙ ገና አልታሰበም።

መምህሩ፦ ዳይሬክተሩስ? እሱም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለም።

ሐያሲዋ፦ አንግ ሊ በ1954 ታይዋን ተወለደ፤ ወላጆቹ ኮሚኒስቶች ዋናውን ቻይና ሲይዙ ወደ ደሴቲቱ ከተሰደዱት ናቸው። የተሸናፊዎቹ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ከዚህ ፊልም ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ «ብሮክባክ ማውንቴን»ን ሠርቷል። እሱም ቢሆን ራሳቸውን ደብቀው ስለሚኖሩ ሁለት ሰዎች ነው። «ለስት፣ ኮሽን»ን የጻፉት ዋንግ ሁይሊንግና ጄምስ ሻመስ ናቸው፤ ካሜራው የሮድሪጎ ፕሪየቶ፣ ሙዚቃው የአሌክሳንደር ዴስፕላ። አቶ ዪን ቶኒ ሌዩንግ ይጫወተዋል። ዎንግን የተጫወተችው ታንግ ዌይ በዚያን ጊዜ በፊልሙ ዓለም የሚያውቃት አልነበረም፤ ይህ አዲስነቷ ፊልሙን እጅግ ጠቅሞታል። ተመልካቹ ፊቷን ከሌላ ፊልም ስለማያውቀው የትኛው ፊቷ እውነተኛ እንደሆነ መለየት አይችልም።

ፊልሙ ሻንጋይ ውስጥ፣ በአቶ ዪ ቤት፣ በማህጆንግ ጨዋታ ይጀምራል። አራት ሴቶች ጠረጴዛ ከበው ይጫወታሉ። የድንጋዮቹ ቅጭልጭልታ፣ ጣቶች ላይ የሚያብረቀርቁት አልማዞች፣ ስለ ዕቃ መወደድና ስለ ቀለበት የሚወራው ወሬ ሁሉ በአንድ ላይ ይፈስሳል። ካሜራው ከእጅ ወደ ዓይን፣ ከዓይን ወደ እጅ ይዘላል። ማን ማንን እንደሚያይ፣ ማን አይቶ እንዳላየ መስሎ እንዳለፈ ለመከታተል ተመልካቹ ትንፋሹን መያዝ አለበት። ወይዘሮ ማክ ጣት ላይ አልማዝ የለም። አቶ ዪ ገባ ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ ይወጣል፤ በዚያች አፍታ ሁለቱ ይቀጣጠራሉ፤ ሚስቱ ወይዘሮ ዪ ደግሞ ከጨዋታው ዓይኗን ሳታነሳ የተረዳችው ነገር ያለ ይመስላል። አንዲት ጥይት ሳይተኮስ ጦርነቱ ጠረጴዛው ላይ ይካሄዳል። በስለላ ፊልም ታሪክ ውስጥ ይህን የሚያህል አጀማመር ብዙ አይገኝም።

መምህሩ፦ ከዚያ ታሪኩ ወደ ኋላ፣ ወደ 1938 ይመለሳል።

ሐያሲዋ፦ አዎ፤ ተማሪዎቹ ከጦርነቱ ሸሽተው ሆንግ ኮንግ ገብተዋል። ኩዋንግ ዩ ሚን የሚባል መልከ መልካም ተማሪ የሀገር ፍቅር ተውኔት ያዘጋጃል። ዎንግን የሚመለምላት እሱ ነው፤ ዓይኗም እሱ ላይ ነው። መድረኩ ላይ ወጥታ ስታለቅስ አዳራሹ በሙሉ ተነስቶ ቻይና አትወድቅም እያለ ይጮኻል። ልጅቷ ያን ምሽት ሌላ ሰው መሆን እንደምትችል፣ ሌላ ሰው ስትሆን ደግሞ ሰዎች እንደሚወዷት ታውቃለች። አባቷ ወንድሟን ብቻ ይዞ እንግሊዝ የገባና እዚያ ሌላ ሚስት ያገባ ነው፤ ከቤት ያላገኘችውን መወደድ ከመድረክ አገኘች። በማግስቱ ባዶው መድረክ ላይ ብቻዋን ቆማ ሳለ ጓደኞቿ ከላይ ሰገነቱ ላይ ሆነው በስሟ ጠርተው ወደዚህ ውጪ ይሏታል። ቀና ትላለች። የሕይወቷ አቅጣጫ የሚወሰነው በዚያ ጥሪ ነው።

ኩዋንግ ከተውኔት ወደ ግድያ እንሻገር ይላል። አቶ ዪ ሆንግ ኮንግ ስለሆነ ቤት ተከራይተው፣ መኪና አዘጋጅተው፣ ዎንግን ወይዘሮ ማክ አድርገው ይቀርቡታል። እዚህ ላይ ችግር ይገጥማቸዋል፤ ባለትዳር ነኝ የምትለው ልጅ ድንግል ናት። ያለ እሷ ፈቃድ ተማክረው ከመሐላቸው ሴት የሚያውቀው አንዱ ብቻ ስለሆነ፣ ያውም ከሴተኛ አዳሪዎች፣ እሱ እንዲያለማምዳት ይወስናሉ። የምትወደው ኩዋንግ አንዲት ቃል አይተነፍስም። ከዚያ አቶ ዪ በድንገት ወደ ሻንጋይ ይዛወራል። የከፈለችው ሁሉ ከንቱ ይቀራል፤ ጓደኞቿም ሊያዩዋት ያፍራሉ።

መምህሩ፦ የታሪክ ሰው ትኩረት የሚያርፈው ከዚያ ቀጥሎ በሚመጣው ግድያ ላይ ነው። ምስጢራቸውን ያወቀ አንድ የአቶ ዪ ሎሌ ገንዘብ ሊጠይቃቸው ይመጣል፤ ተማሪዎቹ ይወጉታል። ሰውየው ግን ቶሎ አይሞትም። አንዱ ይወጋል፣ ሌላው ይቀበለዋል፣ ሰውየው ተነስቶ ይንገዳገዳል፣ ደረጃ ላይ ይወድቃል፣ አሁንም ይተነፍሳል። በአይሊን ቻንግ ልብወለድ ውስጥ የሌለውን ይህን ትዕይንት አንግ ሊ ጨምሮታል፤ ደግ አደረገ። ሰው ገድሎ ሀገርን ነጻ ማውጣት በመፈክር ደረጃ ቀላል ነው፤ በጩቤ ግን ምን እንደሚመስል እነዚያ ልጆች በዚያች ሌሊት አዩት። ዎንግ ሮጣ ጨለማው ውስጥ ትጠፋለች።

ሐያሲዋ፦ ከሦስት ዓመት በኋላ ሻንጋይ ውስጥ አክስቷ ዘንድ ተጠግታ፣ ለዳቦ ሰልፍ እየተሰለፈች፣ ጃፓንኛ እየተማረች ትኖራለች። ደስታዋ ሲኒማ ቤት መግባት ብቻ ነው። ኩዋንግ እዚያ ፈልጎ ያገኛታል። አሁን ጓደኞቹ ብቻቸውን አይደሉም፤ ኩኦሚንታንግ ተቀብሏቸዋል፤ ሽማግሌው ዉ የሚባል አለቃም አላቸው። ዉ ሰላምታው ደግ፣ ንግግሩ የአባት ነው። የመርዝ ክኒን ይሰጣታል፤ ብትያዢ ትውጪዋለሽ ይላታል። እሷ ለአባቷ የጻፈችውን ደብዳቤ ወደ እንግሊዝ እንዲልክላት ትሰጠዋለች፤ እሱም እሺ ብሎ ይቀበላል። ዞር ስትል ግን ያቃጥለዋል።

ያቺ ደብዳቤ ከሁሉም በላይ ልትታይ ይገባል። ደህንነት ሲባል መቃጠሏ የሥራው ደንብ ነው፤ ዉ ጨካኝ አይደለም። ነገር ግን ዎንግ ቺያ ቺ የምትባል ልጅ በዚህ ዓለም መኖሯን የምትመሰክር የመጨረሻ ወረቀት ያቺ ነበረች። ከዚያ በኋላ የቀረችው ወይዘሮ ማክ ብቻ ናት።

መምህሩ፦ ዉም የራሱ ቁስል አለው። አቶ ዪ ሚስቱንና ልጆቹን ገድሎበታል፤ እንዲያም ሆኖ ለሥራው ሲል ከገዳዩ ጋር ማዕድ ቀርቦ በልቷል። ከእሷ በፊትም የሠለጠኑ ሴቶች ተልከው፣ ተነቅተው፣ ሞተዋል። ወራሪ በያዘው ሀገር ያለ እንዲህ ዓይነት ጥንካሬ የሚመራ የምስጢር ድርጅት ወር አይቆይም። ሐያሲዎች ለዎንግ ሲያዝኑ ይህን ይዘነጉታል።

ሐያሲዋ፦ አንግ ሊ አልዘነጋውም፤ ለዚህ ነው ዎንግ ዉ ፊት የምትፈነዳበትን ትዕይንት ያስቀመጠው። አቶ ዪ እንደ እባብ ወደ ልቧ እየሰረገ እንደሚገባ፣ ሥጋዋ ብቻ ሳይሆን ሌላውም ነገሯ እየከዳት እንደሆነ፣ ግደሉትና ይብቃ ብላ በዝርዝር ትነግረዋለች። አደጋው ደርሶባት ሳይሆን ሊደርስ ሲል አስቀድማ ሪፖርት እያደረገች ነው። ከሰላይ የሚጠበቀው ታማኝነት ከዚህ አይበልጥም። ዉ ግን መስማት አይችልም፤ ቁጣና ኀፍረት ተደባልቆበት በቃ ብሎ ይወጣል። ኩዋንግም አጠገባቸው ቆሞ ይሰማል፤ ምንም አይልም። ቆየት ብሎ ሲስማት፣ ይህን ከሦስት ዓመት በፊት ልታደርገው ትችል ነበር ትለዋለች።

መምህሩ፦ ስለ አልጋው ትዕይንቶችስ? ብዙው ጭቅጭቅ በእነሱ ነው።

ሐያሲዋ፦ ትዕይንቶቹ ግልጽ ናቸው፤ ለዚህም አሜሪካ ውስጥ 17 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ሰው ሲኒማ ቤት ገብቶ እንዳያየው ተከልክሏል። ለማሳሳት አልተሠሩም። የመጀመሪያው ጥቃት ነው፤ አቶ ዪ በቀበቶ ይገርፋታል፣ እጇን ያስራታል። ሥራው ምርመራ ነው፤ አልጋ ላይም የሚያውቀው መመርመርን ነው። ሁሉም ሰው ይዋሸዋልና እውነት የሚያገኘው ሥቃይ ውስጥ ብቻ ይመስለዋል። ቀጥሎ ባሉት ግንኙነቱ ይለወጣል፤ ሁለቱም ፊታቸው ላይ ፍርሃት አለ። በመጨረሻው ላይ ሽጉጡ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ዓይኗ ሽጉጡ ላይ ያርፋል፤ እሱም ማየቷን ያያል። እሷ በትራስ ዓይኑን ትሸፍናለች። ጨለማን የሚፈራ ሰው ዓይኑን አስረክቦ ጸጥ ማለቱ ከማንኛውም የፍቅር ቃል በላይ ይናገራል። ውጭ ዘበኛው ከነውሻው ሲመላለስ ይታያል። እነዚህን ቆርጦ የሚያይ ሰው በኋላ የሚመጣው የቀለበት ትዕይንት አይገባውም።

መምህሩ፦ የጃፓኖቹ መጠጥ ቤት ግን ለብቻው መነሳት አለበት። አቶ ዪ ወደ ጃፓኖች ሰፈር ያስጠራታል። እሷ ስትደርስ የሰከሩ መኮንኖች በየክፍሉ ያንጎራጉራሉ። ለምን እዚህ እንዳመጣኸኝ ገብቶኛል፣ ሴተኛ አዳሪህ ልታደርገኝ ነው ስትለው፣ እሱ የዚያን ሥራ ከእሷ ይልቅ ጠንቅቆ እንደሚያውቀው ይመልሳል። አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ ገብታለች፤ ጃፓኖች እንደሚሸነፉ፣ እሱም አብሯቸው እንደሚያልቅ ያውቃል። ዎንግ ተነስታ ከ1937ቱ የቻይና ፊልም «የጎዳና መልአክ» የታወቀውን ዘፈን ትዘፍንለታለች። እንባው ይወርዳል። ለወራሪ ያደረ ሰው በወራሪው ቤት ውስጥ በሀገሩ ዘፈን ያለቅሳል። ጸሐፊዎች ባንዳን ሲሥሉ ብዙ ጊዜ ከሆዳምነቱ አያልፉም፤ እዚህ ግን ሰውየው ራሱን እንደሚያውቅና እያወቀም እንደማይመለስ ይታያል። ይህ ይቅርታ አይደለም፤ ጥፋቱን ያከብደዋል እንጂ።

ሐያሲዋ፦ ከዚያ ወደ ቀለበቱ ነው። አቶ ዪ አንድ ካርድ ለሕንዳዊ ጌጣጌጥ ነጋዴ እንድታደርስ ይልካታል፤ ለእሷ ስድስት ካራት የሚመዝን አልማዝ እንድትመርጥ ኖሯል። ድርጅቱ ግድያው ቀለበቱን ለመውሰድ በሚመጡበት ቀን እንዲሆን ይወስናል። ገዳዮቹ መንገድ ላይ ተሰማርተዋል። ዎንግ ሻይ ቤት ተቀምጣ ትጠብቃለች፤ የከንፈሯ ቀለም ሲኒው ላይ ይቀራል፤ ሽቶ ትቀባለች። አቶ ዪ ይመጣል፤ ወደ ሱቁ ይወጣሉ።

ቀለበቱን ጣቷ ላይ ስታደርገው እንዲህ ያለ ውድ ነገር አድርጋ መንገድ ላይ መውጣት እንደምትፈራ ትናገራለች። እሱ እኔ አለሁ አይደል ይላታል። ይህን ሲል ቶኒ ሌዩንግ ፊት ላይ የሚታየው ጥንቃቄ የሌለው ለስላሳ ነገር ነው፤ በፊልሙ ሙሉ ያልታየ ነው። አባቷ ጥሏት ሄዷል፤ ኩዋንግ ዝም ብሏል፤ ዉ ደብዳቤዋን አቃጥሏል። እኔ አለሁ ያላት ሰው ይህ ብቻ ነው፤ ያም በሐሰት ስሟ፣ በሐሰት ሕይወቷ። ቶሎ ሂድ ትለዋለች። አንዴ ደገመችው። ገባው፤ ደረጃውን በሩጫ ወርዶ መኪናው ውስጥ ተወረወረ።

ወደደችው ማለት ይህን ሁሉ አይሸከምም። በዚያች አፍታ ከጓደኞቿ ዕዳ ይልቅ አንዲት ዓይን የበለጠችባት፣ ዕዳ ያስገቧት ሰዎች ምንም ስላልተዉላት ነው።

መምህሩ፦ ጓደኞቿ ግን ሞተዋል። ኩዋንግም፣ ሌሎቹም፣ ሁሉም ልጆች ናቸው። በደላቸው ወጣትነታቸው ነው፤ የሞቱት ደግሞ በእሷ ቃል ነው። አንዲት ሰላይ እንደ ሰው አልታየሁም ብላ ጓደኞቿን ለጥይት ብትሰጥ፣ ምክንያቷ መታወቁ ጥፋቷን አያጠፋውም። ጄንግ ፒንግሩም እንደ እሷ ታዝዛ ገላዋን ሰጥታለች፤ ለእሷም ደብዳቤ የሚያደርስላት አልነበረም ይሆናል። ጸናች።

ሐያሲዋ፦ ፊልሙም አያጠፋውም። ዎንግ ከሱቁ ወጥታ ሪክሾ ትይዛለች፤ ሪክሾው ላይ በነፋስ የምትሽከረከር የወረቀት መጫወቻ ታስራለች። ባለ ሪክሾው ወደ ቤት ነው ወይ ሲላት አዎ ትላለች። ቤት የላትም። ኬላው ተዘግቶ መንገዱ ሲታጠር ከልብሷ ጠርዝ የመርዙን ክኒን ታወጣና ታያታለች፤ አትውጣትም። በዚያች ደቂቃ ትዝ የሚላት ያ ባዶ መድረክና ከሰገነቱ በስሟ የጠሯት ድምፅ ነው። ክኒኗን ውጣ መሞት ስትችል ከጓደኞቿ ጋር መሞትን መረጠች ማለት ይቻላል፤ ዕዳዋን የምታውቅ ናት። ድንጋይ ማውጫው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተንበርክከው ሳለ ኩዋንግና እሷ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ። በእሱ ዓይን ውስጥ ቁጣ የለም።

መምህሩ፦ አቶ ዪም የሞት ወረቀቱን በእጁ ፈርሟል። ጸሐፊው ቀለበቱን ጠረጴዛው ላይ ሲያኖርለት የእኔ አይደለም ይላል። ጸሐፊው ቡድኑን ቀድሞ ሲከታተለው ኖሯል፤ ለአለቃው ግን አልነገረውም። ስለዚህ አቶ ዪ ቢያዝንላት እንኳ ሊያድናት አይችልም፤ እሱም እየታየ ነው። የአይሊን ቻንግ አጨራረስ ከዚህ የመረረ ነው፤ እዚያ ሰውየው ካስገደላት በኋላ እስከ ዘላለሙ የእኔ ሆነች ብሎ ውስጥ ውስጡን ይረካል። አንግ ሊ ግን በእሷ ባዶ አልጋ ጠርዝ ላይ አስቀምጦታል፤ ታች ሴቶቹ ማህጆንግ ይጫወታሉ፤ ሰዓቱ አሥር ይደውላል። እዚህ ላይ የደራሲዋ ጭካኔ ለእውነቱ ይቀርባል። ፊልሙ ለገዳይ ያዘነው ትንሽ በዝቷል።

ሐያሲዋ፦ በዚህ እንለያያለን፤ እንባው የበለጠ ያስወነጅለዋል እንጂ አያነጻውም፤ ጋሼ ራሳቸው ስለ መጠጥ ቤቱ ያሉት ይኸው ነበር።

ፊልሙ በመስከረም 2007 ቬኒስ ላይ ወርቃማው አንበሳን፣ ለካሜራውም ሽልማት አገኘ። ታይፔ ላይ በወርቃማው ፈረስ የምርጥ ፊልም፣ የምርጥ ዳይሬክተርና የምርጥ ተዋናይ ሽልማቶችን ሲወስድ፣ ታንግ ዌይም የዓመቱ አዲስ ተዋናይ ተባለች። ዋናው ቻይና ውስጥ ሰባት ደቂቃ ያህል ተቆርጦ ታየ፤ ሙሉውን ለማየት ሆንግ ኮንግ ድረስ የተጓዙ ብዙ ነበሩ። የሀገር ከሃዲን ያሞግሳል የሚል ውግዘት በረታ። በመጋቢት 2008 የቻይና የብሮድካስት ባለሥልጣናት ታንግ ዌይ የምትታይባቸው ማስታወቂያዎችና ፕሮግራሞች እንዲወርዱ አዘዙ። ፊልሙን ያዘጋጀው አንግ ሊና አቶ ዪን የተጫወተው ቶኒ ሌዩንግ ሥራቸውን ቀጠሉ።

መምህሩ፦ ሰላይዋን የተጫወተችው ብቻ ተቀጣች።

ሐያሲዋ፦ አዎ፤ አንግ ሊ ውሳኔውን ተቃውሞ ከጎኗ ቆመ። እሷ በዚያው ዓመት የሆንግ ኮንግ ነዋሪነት ፈቃድ አግኝታ፣ በ2010 «ክሮሲንግ ሄነሲ» በተባለ የሆንግ ኮንግ ፊልም ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በ2022 ደግሞ በኮሪያዊው ፓርክ ቻን ዉክ «ዲሲዥን ቱ ሊቭ» ውስጥ፣ ባሏን ገድላለች ተብላ የምትጠረጠርና መርማሪዋ የሚወዳትን ሴት ተጫውታለች።